ሃያ ብር ለአካባቢው ነዋሪ

አዴ ጠጅቱ ቢቂላ ሃምሳ ስድስት ዓመታቸው ነው። በየቀኑ ከንጋቱ አሥር ሰዓት ተኩል ይነሣሉ፤ አራት ላሞች ያልባሉ፤ ወተቱን በሁለት ጀሪካን ሞልተው ከሱሉልታ ከፍ ብሎ ካለው መንደራቸው ወደ ፍቼ መንገድ ይወርዳሉ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የወተት ማኅበሩ መኪና ሲደርስ ያስረክባሉ። በመንደሩና በአስፋልቱ መካከል የጎልፍ ሜዳ አለ። ስለዚህ አዴ ጠጅቱ ከእሑድ እስከ እሑድ፣ ጠዋት ጠዋት፣ ጎልፍ ይጫወታሉ።

ይህን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ለአዲስ አበባ ሰው የነገሩት እንደሆነ ይስቃል። መንደሩም መጀመሪያ ስቆ ነበር። አሁን ግን ስቆ ጨርሶ ውጤት መጠየቅ ጀምሯል።

ሜዳው ከስድስት ዓመት በፊት የመንደሩ ግጦሽ ነበር። ሲወሰድ ካሣ የደረሰው ካሣውን ተቀበለ፤ ያልደረሰው ደግሞ ተስፋ ተቀበለ። በመንገዱ ጉዳይ ግን ማንም አልተከራከረም፤ የክለቡ የመጀመሪያ ሥራ አስኪያጅ ደግ ሰው ነበሩና በመንደሩ በኩል ባለው ዋናው በር ላይ ቆመው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ «እናቶቼ፣ ይህ መንገድ የእናንተ ነው፤ ለዘላለም እለፉበት» ብለው ነበር። ዘላለሙ አምስት ዓመት ከስምንት ወር ቆየ።

ያሳጠረው ያለፈው ኅዳር ነው። አዲስ አበባን ከዙሪያዋ ከተሞች ጋር በአንድ ካርታ ያስገባል የተባለው ማስተር ፕላን ተማሪውን አስነሣ፤ ገበሬውም ተከተለ። የፍቼ መንገድ አንድ ቀን በድንጋይ፣ አንድ ቀን በወታደር ይዘጋ ጀመር። ጠዋት ከቡራዩ የመጣውን ወሬ ማታ ከሰበታ የሚመጣው ያስረሳዋል። ከመንደሩ ሦስት ወጣቶች ተወስደው ነበር፤ እናቶቻቸው ስንቅ ይዘው የት እንደሚሄዱ የሚነግራቸው አጥተው ሰነበቱ። በዚህ መካከል አዲሱ የክለቡ ሥራ አስኪያጅ አቶ ተድላ፣ ሌላው ሁሉ ከአቅማቸው በላይ ሆኖ ስላገኙት፣ በአቅማቸው ልክ የሆነውን አንድ ነገር አደረጉ። የመንደሩን ሴቶች መንገድ ዘጉ።

«አዴ፣ ዛሬ ማለፍ የለም» አለ ዲኖ፣ ዐይኑን ከመሬት ሳያነሣ። ዲኖ የበሩ ጠባቂ ነው፤ ቤቱም ከአዴ ጠጅቱ ቤት አጥር ለአጥር የተያያዘ ነው።

«ማነው የከለከለው?»

«ትእዛዝ ነው። ከእንግዲህ የሚገባው ተጫዋችና ሠራተኛ ብቻ ነው።»

«አንተ ልጅ፣ እናትህ ስትወልድህ ጡቷ ደርቆ፣ በማን ወተት ነው ያደግኸው?»

«በእርስዎ ላም ወተት ነው፣ አዴ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ላሚቱን አመሰግናለሁ። ደመወዝ የሚከፍሉኝ ግን አቶ ተድላ ናቸው።»

በሜዳው ቁልቁል መውረድ ግማሽ ሰዓት ነው፤ አጥሩን ዞሮ በመኪናው መንገድ መውረድ ግን አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ቀድሞ እንዳይነሡ፣ ጎህ ሳይቀድ መንገድ ላይ መገኘት በዚያ ሰሞን በጅብም በወታደርም ዘንድ ያስጠይቅ ነበር። አዴ ጠጅቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ አራት ቀን እያለከለኩ ደርሰው አራቱንም ቀን የመኪናውን አቧራ ተቀበሉ። የተመለሰው ወተት ረጋ፤ ዓይብ ሆነ። ባለቤታቸው ኦቦ ነገሳ ዓይብ በቁርስ፣ ዓይብ በምሳ፣ ዓይብ በእራት ከቀረበላቸው በኋላ በአምስተኛው ቀን «ጠጅቱ፣ እኔ እኮ ጥጃ አይደለሁም» አሉ።

ዓይቡ እንኳ ይበላል። የማይበላው የማኅበሩ ደንብ ነበር፤ በአንድ ወር ውስጥ አምስት ቀን ወተት ያላስረከበ አባል ይሰረዛል። መንገድ ተዘግቶ መኪናው ራሱ ያልመጣበት ቀን አይቆጠርም፤ መኪናው መጥቶ አባሉ የቀረበት ቀን ግን ይቆጠራል። አዴ ጠጅቱ አራት ቀን ቀርተዋል። ወሩ ገና አሥራ ሁለት ቀን ይቀረዋል። ቦታቸውን ለመውሰድ ከወዲያ ማዶ ተራ የያዙ ሰባት ሰዎች ነበሩ፤ ከሰባቱ አንዷ የኦቦ ነገሳ እህት ስለሆኑ ደግሞ ነገሩ ከወተትም በላይ ነበር።

አዴ ጠጅቱ በደርግ ጊዜ መሠረተ ትምህርት ተምረው የምስክር ወረቀት ያገኙ ናቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በፊታቸው ያለፈ ጽሑፍ ሳይነበብ አልቀረም፤ የመድኃኒት ካርቶን ያነባሉ፣ የሲሚንቶ ከረጢት ያነባሉ፣ የማያውቁት ሰው የሙት ዓመት ማስታወቂያ ቆመው ያነባሉ። መንገድ ተዘግቶ መኪናው ባልመጣበት በአንድ ጠዋትም ከዲኖ ጋር ተጨቃጭቀው ሲደክማቸው፣ ጀሪካኖቹን አስቀምጠው በበሩ ላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ፣ ፊደሉን በጣታቸው እየተከተሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማንበብ ጀመሩ።

«የሜዳ መጫወቻ ክፍያ። የውጭ አገር ዜጋ፣ ሃምሳ ዶላር። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ጎብኚ፣ ስምንት መቶ ብር። የአካባቢው ነዋሪ፣ ሃያ ብር።»

ዞር አሉ። «ዲኖ፣ ይህ የአካባቢው ነዋሪ የሚሉት ማነው?»

ዲኖ አራት ዓመት የጠበቀውን ሰሌዳ ገና እንዳየው ሰው ቀና ብሎ ተመለከተው። «እኔ እንጃ፣ አዴ። እስካሁን መጥቶ አያውቅም።»

እውነቱን ነው። ያ መስመር የተጻፈው አንድ ጊዜ ከበላይ የመጡ ጎብኚዎች «ኅብረተሰቡስ ምን ተጠቀመ?» ብለው በጠየቁ ማግስት ነበር። ለመታየት ተጻፈ፤ ታየ፤ ተረሳ። ኅብረተሰቡም በበኩሉ የጎልፍ ኳስ በጣሪያው ላይ ሲወድቅ ካልሆነ በቀር ስለ ጨዋታው የሚሰማው ነገር አልነበረውም።

«እንግዲህ» አለ ዲኖ ጥቂት አስቦ፣ «እርስዎ ሳይሆኑ አይቀሩም።»

ማታ አዴ ጠጅቱ የኦቦ ነገሳን የገና ዱላ ከግድግዳው አወረዱ። ይህ ዱላ ጫፉ የተቆለመመ፣ ወይራ የሆነ፣ በወጣትነታቸው ከጫንጮ ሰዎች ጋር ገና ሲጫወቱ የአንዱን ሁለት ጥርስ ያወለቀ ታሪካዊ ዱላ ነው። ኦቦ ነገሳ እንደሚሉት አራት ጥርስ ነው።

«አስቀምጪው! ይህን ዱላ ሴት ነክታው አታውቅም!»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዳይሰነጠቅ ቅቤ ስትቀባው የኖረችው ማን ናት?»

ኦቦ ነገሳ ራዲዮናቸውን ከፈቱ።

በማግስቱ ዲኖ የክለቡን ደንብ ከጠረጴዛ ውስጥ አውጥቶ አቧራውን አራገፈና አንድ በአንድ አመሳከረ። ጫማ፣ ተረከዝ የሌለው፤ የአዴ ጠጅቱ የላስቲክ ጫማ አለፈ። ልብስ፣ ኮሌታ ያለው፤ ከቀሚሳቸው ላይ የኦቦ ነገሳን ኮት ደርበው ነበርና እርሱም አለፈ። የዱላ ማስቀመጫ ሻንጣ፤ ጀሪካኖቹ የገቡበት፣ ማንገቻ የተሰፋለት ጆንያ ቀረበ። ዲኖ ወደ ውስጥ ተመለከተ።

«አዴ፣ ይህ እኮ ወተት ነው።»

«አንብበው። ተጫዋች የሚጠጣውን ይዞ መግባት ይችላል ይላል።»

«ይህን ሁሉ ሊጠጡት ነው?»

«ከጠማኝ።»

ከአራት ዓመት በፊት ታትሞ ያልተከፈተው የነዋሪዎች ደረሰኝ ጥራዝ ቅጠሎቹ ተጣብቀው አስቸገሩ። ዲኖ በጥፍሩ አላቀቀ፤ ቁጥር አንድን ጻፈ፤ ማኅተሙን መታ። ሣር ውስጥ ያገኘውን አንድ ነጭ ኳስም በአክብሮት ሰጣቸው።

አዴ ጠጅቱ ከወንድሞቻቸው ጋር ገና የተጫወቱት እናታቸው በጆሮአቸው ጎትተው እስካስወጧቸው ቀን፣ ማለትም እስከ አሥራ ሁለት ዓመታቸው ነበር። እጅ ግን አልረሳም። ኳሱን እንደ ገና ሩር ቆጥረው፣ እግራቸውን ከፈት አድርገው፣ አንድ ጊዜ ለጉት። ዲኖ በዐይኑ ሊከተለው ሞክሮ አንገቱን አመመው። ባንዲራ የተተከለባቸውን ጉድጓዶች አዴ ጠጅቱ ከቁም ነገር አልቆጠሯቸውም፤ የሚጫወቱት ወደ አንድ ጉድጓድ ብቻ ነው፣ እርሱም በአስፋልቱ ዳር ያለው የሠራተኞች መውጫ ነው። በአሥራ ሰባት ምት ደረሱ። የወተት መኪናው ሹፌር አደም ከኮትና ከዱላ ጋር ሲመጡ አይቶ ሞተሩን አጠፋ።

«አዴ፣ ደግሞ ምን መጣ? ማን መታዎት?»

«ተጫዋች ነኝ» አሉ አዴ ጠጅቱ፤ «ቅዳ።»

ከሦስት ቀን በኋላ የመንደሩ ወተት አቅራቢ ሴቶች ሁሉ ስድስት ሆነው በሩ ላይ ተሰለፉ። የገና በዓል ተቃርቦ ነበርና ዱላ በየቤቱ ወጥቷል። ስድስቱም ሃያ ብር አዋጥተው አንድ ኳስ ይዘው ገቡ። ሦስቱ የላይኛው ሰፈር፣ ሦስቱ የታችኛው ሰፈር ሴቶች ስለነበሩ ያለ ብዙ ምክክር ሁለት ወገን ሆኑ፤ ኳሱ ሲለቀቅ ስድስት ጆንያ በጀርባቸው የያዙ ስድስት ሴቶች በአንድ ላይ ወረዱበት። አቶ ተድላ በመስኮት ሲመለከቱ ያዩት አቧራ፣ ዱላና ነጠላ ነበር። ሁከቱ ወደ ክለባቸው የገባ መስሏቸው ስልክ አነሡ፤ ከዚያ ሣቅ ሰሙና ስልኩን አስቀምጠው ሮጡ።

«እናቶች! እናቶች! ክፍያው በሰው ነው!»

«ኳሱ እኮ አንድ ነው» አሉ ወይዘሮ ተረፈች፣ የታችኛው ሰፈር አለቃ፣ ዱላቸውን ተደግፈው እየተነፈሱ።

«እያንዳንዱ ተጫዋች የየራሱን ኳስ ነው የሚመታው!»

ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። «ለየብቻ?»

«አዎን፣ ለየብቻ።»

«ታዲያ የምታሸንፉት ማንን ነው?»

አቶ ተድላ በትዕግሥት አስረዱ። «ሜዳውን ነው የምናሸንፈው።»

«ውይ!» አሉ ተረፈች ከልባቸው አዝነው። «ሜዳው ምን በደላችሁ?»

ከዚያ ወዲያ ክፍያው በሰው ሆነ። ለእያንዳንዷ በየቀኑ ሃያ ብር ከወተቱ ዋጋ ላይ ሲነሣ ግን የሚተርፍ ነገር አይኖርም። አዴ ጠጅቱ ደንቡን ተውሰው ሌሊቱን አነበቡት፤ ጠዋት ሲመጡ አንድ ተጫዋች አንድ ዱላ ተሸካሚ በነጻ ይዞ መግባት እንደሚችል ጣታቸውን መስመሩ ላይ አድርገው ለዲኖ አሳዩት። ሦስት ተጫዋች፣ ሦስት ተሸካሚ፤ በማግስቱ ተሸካሚዋ ተጫዋች፣ ተጫዋቿ ተሸካሚ። ለእያንዳንዷ አሥር ብር ደረሰ። አሥር ብር ያማል፤ አይገድልም።

ሊገድል የነበረው ኢንጂነር አትክልት ናቸው። ኢንጂነሩ አዲስ አበባ ካርታ በሚሠራበት መሥሪያ ቤት ትልቅ ሰው፣ ለክለቡም የቆዩ አባል ነበሩ። መንገዱ ክፍት የሚሆነው በማለዳ ብቻ ስለሆነ በማለዳ ይመጣሉ። አንድ ቅዳሜ ዱላቸውን ወደ ኋላ ስበው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ሊመቱ ሲሉ ከበስተጀርባቸው «አካም ቡልታን?» የሚል የማለዳ ሰላምታ ተሰማ። ኳሱ ቁጥቋጦ ገባ። በጎልፍ ሰው ሲመታ አይነገርም፤ በሱሉልታ ደግሞ በሰው አጠገብ ዝም ብሎ የሚያልፍ የተጣላ ብቻ ነው። ኢንጂነሩ ሌላ ኳስ አስቀመጡ። ሁለተኛዋ ሴት ደረሱና ስለ ጤናቸው ጠየቁ። ሦስተኛዋ ስለ ልጆቻቸው፣ አራተኛዋ ስለ ከብቶቻቸው። ሴቶቹ ስድስት ነበሩ፤ ኢንጂነሩ ይዘውት የመጡት ኳስ አምስት ነበር።

አቤቱታቸው አቶ ተድላን ቢሮ ውስጥ አገኛቸው። ብዙም ሳይቆይ አዴ ጠጅቱ ተጠሩ።

«እናቴ፣ እስካሁን የሃያ ብሩን ዋጋ ያስከፈልናችሁ በስሕተት ነው» አሉ አቶ ተድላ። «ኢንጂነሩ እንዳስረዱኝ፣ በተዘጋጀው ካርታ መሠረት ይህ አካባቢ ከአዲስ አበባ ጋር ነው። ስለዚህ እናንተ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ጎብኚዎች ናችሁ። ስምንት መቶ ብር ነው።»

«እኔ ከአዲስ አበባ የመጣሁት መቼ ነው?»

«እርስዎ አልመጡም» አሉ ኢንጂነሩ። «አዲስ አበባ ናት የምትመጣው።»

«እንግዲያው የምትመጣዋ ትክፈል» አሉ አዴ ጠጅቱ።

ዲኖ በሩ አጠገብ ቆሞ ስለነበር ሳሉን አበዛው። አቶ ተድላ ፊታቸውን አኮሳተሩ። «መልካም፤ ነዋሪ ከሆኑ የነዋሪነት መታወቂያ ያሳዩ።»

የአዴ ጠጅቱ ችግር እዚህ ላይ ነበር። የቀድሞው የገበሬ ቀበሌ ፈርሷል፤ የሰጣቸው መታወቂያ ጊዜው አልፏል፤ አዲሱን ሊያወጡ የሄዱበት ጽሕፈት ቤት ደግሞ ወሰኑ እስኪለይ ድረስ ለማንም አንጽፍም ብሏቸዋል። በዚያ ወር የመንደሩ ሰው የት እንደሚኖር በጽሑፍ የሚደፍር መሥሪያ ቤት አልነበረም። ከአንዱ በቀር። አዴ ጠጅቱ ከመቀነታቸው ውስጥ የተጠቀለሉ ወረቀቶች አወጡና ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ዘረጓቸው፤ ማኅተም ያረፈባቸው፣ ቀን የተጻፈባቸው፣ «የአካባቢው ነዋሪ» የሚሉ የክለቡ ደረሰኞች።

«እናንተው ጽፋችሁልኛል» አሉ።

ኢንጂነሩ ደረሰኞቹን አዩ፤ አቶ ተድላን አዩ፤ ሰዓታቸውን አዩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰላምታ ሲሰጣቸው ዱላቸውን አስቀምጠው፣ ባርኔጣቸውን አንሥተው፣ ስድስቱንም ተራ በተራ እንዴት አደራችሁ ሲሉ ታዩ። ከብት እንደሌላቸውም ገለጹ፤ ሴቶቹ አዘኑላቸው።

በጥር መጀመሪያ፣ ማለትም በዚህ ሳምንት፣ ማስተር ፕላኑ መቅረቱን ራዲዮ ተናገረ። ኦቦ ነገሳ ራዲዮኑን ደጅ አውጥተው ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈቱት፤ የባትሪ ነገር አላሳሰባቸውም። ከሦስቱ ወጣቶች ሁለቱ ተመልሰው ነበር፤ የሦስተኛው እናት ራዲዮውን ሰምተው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ማክሰኞ ዕለት አቶ ተድላ አዴ ጠጅቱን ወደ ክለቡ ሳሎን ጋበዙ። ሻይ በወተት ቀረበ፤ ወተቱ ከአዲስ አበባ በፕላስቲክ ታሽጎ የመጣ ነበር። አዴ ጠጅቱ ቀመሱና «ይቺ ስትሄድ ከዚህ የተሻለች ነበረች» አሉ። አቶ ተድላ ሣቁ፤ ከዚያም የሚያብረቀርቅ ካርድ ከመሳቢያ አወጡ። የአዴ ጠጅቱ ስም አለበት። የክብር አባል ይላል።

«ከእንግዲህ ሃያ ብር የለም፤ ዱላም የለም። በፈለጉት ሰዓት እንደ ድሮው ያልፋሉ። ፎቶግራፍዎም እዚህ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ከአካባቢው ጋር በሰላም እንደምንኖር የሚመጣ ሰው እንዲያይ ነው።»

«ተረፈችስ? ሌሎቹስ?»

«ለጊዜው በእርስዎ እንጀምር። ይህን ወረቀት ብቻ ይፈርሙልኝ።»

አዴ ጠጅቱ ወረቀቱን አነበቡ። ሦስት አንቀጽ ምስጋና ነበረው። በአራተኛው፣ መንደሩ በሜዳው ላይ የመንገድ ጥያቄ የሌለው መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ ይላል።

«ካልፈረምኩስ?»

አቶ ተድላ ሻያቸውን አማሰሉ። «የሰሌዳው ዋጋ በየጊዜው ይከለሳል፣ እናቴ። ካርድ ግን ካርድ ነው። እስከ ዓርብ ያስቡበት።»

ሦስቱ ቀናት ቀላል አልነበሩም። የአዴ ጠጅቱ ጉልበት ቁልቁለቱን በዱላ ጨዋታ መውረድ መርሮታል። ፈርመው ካርዱን ከያዙ በማኅበሩ ያላቸው ቦታ ዕድሜ ልክ የተጠበቀ ነው፤ ካልያዙ ደግሞ አንድ ማለዳ ያ ሃያ ብር ሁለት መቶ ሆኖ ቢያገኙት ወተቱም ማኅበሩም አብረው ይሄዳሉ። ኦቦ ነገሳ ፎቶግራፉን ይወዱታል።

«ነጻ እኮ ነው፣ ጠጅቱ! ክብር ነው! እህቴ ስታየው በቅናት ትሞታለች!»

«መንገዱ ድሮስ ነጻ አልነበረም?»

«ነበር።»

«እንዴት ተዘጋ?»

«አንድ ቀን ጠዋት ተዘጋ።»

«በቸርነት የተሰጠኝን በአንድ ጠዋት ወሰዱት። ከፍዬ የገባሁበትን ግን ኢንጂነር አምጥተው፣ ካርታ አምጥተው አልቻሉም። ይህን ያየሁት በዐይኔ ነው። ቢጨምሩ እንኳ ያኔ ሰሌዳው ላይ ጽፈው ነው የሚጨምሩት፤ የተጻፈ ነገር ደግሞ እኔ አነባለሁ።»

ኦቦ ነገሳ «ፎቶውንስ ብቻ መውሰድ አይቻልም?» አሉ።

ዓርብ ጠዋት አዴ ጠጅቱ ካርዱንና ያልተፈረመውን ወረቀት በአንድ ላስቲክ አስረው ለዲኖ ሰጡት፤ «ለአቶ ተድላ ስጣቸው፤ ጠጅቱ ታመሰግናለች፣ እርሷ ከፋይ ናት በላቸው» አሉት። ከኋላቸው ተረፈችና ሌሎቹ አራት ሴቶች ብርድ ላይ ቆመው እጃቸውን ያፋትጋሉ። ዲኖ የደረሰኙን ጥራዝ ገለጠና እስክሪብቶውን ከጆሮው ላይ አወረደ።

«ዛሬ ስንት ናችሁ፣ አዴ?»

«ሦስት ተጫዋች፣ ሦስት ተሸካሚ። የአካባቢው ነዋሪ ብለህ በደንብ ጻፈው፤ ትናንት ማኅተሙ ደብዝዞብሃል።»